መዋኘት ሳልችል ከሐይቅ ያመጣሁት በሽታ

ሐኪም ፊት ስትቀመጡ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሳችሁ አትነሱ፤ ውሏችሁንም ተናገሩ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይቺ አትረሳ። እኔ የተጠየቅሁትን በትክክል መልሼ ነው ሁለት እግሮቼን ለማጣት ጥቂት የቀረኝ። አልዋሸሁም፤ የደበቅሁትም ነገር የለም። መልሴ እውነት ነበር፤ ግን ሐኪሙን ከበሽታዬ አራቀው።

ማርቆስ እባላለሁ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ ጅማ ከገባሁ ግን ብዙ ዓመቴ ነው። የምኖረው ቦሳ ኪቶ፣ ከባለቤቴ ከመሠረትና ከሁለት ሴት ልጆቻችን ጋር ነው። ሥራዬ የቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ነው። ቀይ ቡና ተለቅሞ የሚታጠብባቸው ጣቢያዎች በየገጠሩ አሉ፤ በወቅቱ አንድ ማሽን ከቆመ የተለቀመው ቡና ይበላሻል፣ ስለዚህ ስልኬ አያርፍም። ዛሬ ሊሙ ገነት፣ ነገ አጋሮ፣ ከነገ ወዲያ መኪና የማይገባበት ሌላ ቦታ። የመፍቻ ሳጥኔን ተሸክሜ ዳገት መውጣት ልማዴ ነው። ሩጫውም የመጣው ከዚያው ነው፤ ሳጥኑን ሳስቀምጥ እግሬ መሄድ አይበቃው፣ መሮጥ ያምረዋል። ትዕግሥት የሚባል ነገር እንዳልፈጠረብኝ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል።

ውድድሩን ያመጡብኝ ጋሽ ከድር ናቸው። የሰፈራችን አናጢ ናቸው፤ በርጩማና የሳሎን ወንበር ይሠራሉ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ብዙም አይርቅም። ጢማቸው ነጭ ነው፤ ትከሻቸው ግን የወጣት ነው። ጊቤ ወንዝ ዳር ተወልደው ስላደጉ መዋኘት መቼ እንደተማሩ ራሳቸውም አያስታውሱትም። ስለ እሳቸው ሳወራ ማጋነን እወዳለሁ ትላለች መሠረት፤ ትበል። ሌላ ሰው ሲዋኝ ውሃውን ሲደበድበው ነው የማየው። ጋሽ ከድር ግን ውሃውን አስፈቅደው የገቡ ይመስል ድምፅ ሳያሰሙ ይሄዳሉ። ዳር ቆሞ ማየት ብቻ ልብ ያሳርፋል።

አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ተጣሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ አለ፤ እዚያ የዋናና የጫካ ሩጫ ውድድር ሊካሄድ ነው። ጥንድ ሆኖ መግባት ይቻላል፤ አንዱ ሐይቁን ይዋኛል፣ ሲወጣ የጓደኛውን እጅ ይነካል፣ ጓደኛው ደግሞ ዳገቱን በቡናው ጫካ ውስጥ ሮጦ ወጥቶ ይመለሳል።

«ማርቆስ፣ እኔ እዋኛለሁ አንተ ትሮጣለህ» አሉኝ። «ሁለት ጎዶሎ አንድ ሙሉ ሰው እንሆናለን፣ ኢንሻአላህ።»

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ከወጣቶቹ ጋር ሊወዳደሩ ነው?»

«እነሱ ከእኔ ጋር ይወዳደሩ እንጂ!» ብለው ሳቁ። ተመዘገብን።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዘንድ ሆነ ውሏችን። ጠዋት በሚኒባስ እንሄዳለን። ጋሽ ከድር የአንድ ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ ወጥተው ወደ ጥልቁ ይሄዱና ከዚያ ይገባሉ። እኔ ዳገቱን ይዤ እወጣለሁ። መንገዱ መጀመሪያ በበቆሎ ማሳ፣ ቀጥሎ በቡና ዛፍ ሥር ነው፤ ጥላው ይቀዘቅዛል፣ መሬቱ ይለሰልሳል፣ ከላይ ሲታይ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስመለስ ጋሽ ከድር ገና ውሃ ውስጥ ናቸው። እኔ ታዲያ ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ቄጠማው መሃል ጭቃው ላይ ቁጭ እልና እግሬን እስከ ጭኔ እነክረዋለሁ። ሯጭ ያውቀዋል፤ የነደደ ባት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ደስታው ልዩ ነው። እዚያው ተቀምጬ ዳቦዬን እበላለሁ፣ ስልኬን እነካካለሁ፣ ቄጠማው ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች በጣቴ እየፈናጠርኩ ጋሽ ከድርን እጠብቃለሁ። ውሃው ውስጥ ከእሳቸው ይልቅ እኔ ነበርኩ የምቆየው።

ማታ ማታ እግሬን ያሳክከኝ ጀመር። ሳር ነው አልኩ። አንድ ሳምንት ያሳክክና ይተወኛል፣ ደግሞ ይመጣል። ማን ለማሳከክ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል?

ቆይቶ ትኩሳት መጣ። ላብ፣ ደረቅ ሳል፣ ሆዴን ደግሞ እንደ ቁርጠት የሚያደርግ ነገር። መሠረት ግንባሬን ነክታ «ምች ነው፤ ከሩጫ መጥተህ ላብህ ሳይደርቅ ወጥተህ ነው» አለች። ጎረቤት ዳማ ከሴ ቀጥፎ አመጣ፤ ታሸሁበት፣ ጠጣሁት። አልተወኝም። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ አለብህ ተባልኩ። ባገራችን ትኩሳት ይዞ ደም ሰጥቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። መድኃኒቱን ዋጥኩ። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ሲወርድ መድኃኒቱ አዳነኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ወደ ሐይቁም ተመለስኩ።

የቡና ወቅት ሲገባ ወገቤን አመመኝ። ቀጥሎ የእግሬ መዳፍ እየደነዘዘ መጣ፤ ስሄድ መሬቱ ላይ የሆነ ወፍራም ጨርቅ የተነጠፈ ይመስለኛል። የጣቢያው ሠራተኞች «የማጠቢያው ውሃ ውስጥ እየቆምክ ብርድ መትቶህ ነው» አሉኝ። ወጌሻም አሸኝ፣ ሲያሸኝ እንኳ ደህና ነበር። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ የነበሩት ጤና ባለሙያ በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ አሁንም ሳስባቸው አልቀየማቸውም። ሁሉንም ነገር ጠየቁኝ። ከጥያቄዎቻቸው መሃል አንዷ ይቺ ነበረች፤

«ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ትዋኛለህ?»

እኔ ሳቅሁ። «ኧረ እኔ ዋና የሚባል አልችልም! እግሬ መሬት ካልነካ ነፍሴ ትወጣለች። ዋናተኛው ጓደኛዬ ነው።»

እሳቸውም ሳቁ፤ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። «ዲስክ ነው፤ ከባድ ነገር ትሸከማለህ» አሉኝ፤ የጀርባ አጥንቶቼ መሃል ያለው ትራስ ሸሽቶ ነርቭ ነክቷል ማለታቸው ነው። ያ የመፍቻ ሳጥን እያለ ማን ይጠራጠራል? መርፌ ታዘዘልኝ፤ ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ ተባልኩ። ጋሽ ከድር ይህን ሲሰሙ በዚያው ቀን ፍራሼ ሥር የሚገባ ጣውላ ልገው፣ ጫፍ ጫፉን አለሳልሰው አመጡ። ከዚያ ሁሉ ሕክምና የተመቸኝ ጣውላው ብቻ ነው።

እግሬ የከዳኝ ሊሙ ገነት አካባቢ ነው። ማሽኑ ከፍ ያለ ሲሚንቶ ላይ ነው የተተከለው፤ ወጥቼ ቀበቶውን ቀየርኩ፣ አስነስቼ ሞከርኩት፣ ሠራ። ልወርድ ስል ቀኝ እግሬ አልታዘዘኝም። ግራው ትንሽ ሞከረና እሱም ተወው። እዚያው ቁጭ አልኩ። ታች ያሉት ሰዎች ማሽኑ ስለሠራ ደስ ብሏቸው ያጨበጭባሉ፤ እኔ ከላይ ሆኜ ሁለት እግሬን በእጄ እያነሳሁ አያለሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሽንቴም እንደማይታዘዘኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን የሚጠቅመው ሰው ሊኖር ይችላልና እጽፈዋለሁ፤ የእግር መዝለፍለፍና የሽንት እምቢታ አንድ ላይ ከመጡ ሐኪም ሳታዩ አንድ ቀን እንኳ አትደሩ።

ሁለት ረጃጅም እንጨት በቡና ጆንያ ውስጥ አሳልፈው ቃሬዛ ሠሩልኝና እስከ መኪናው መንገድ ተሸከሙኝ። ስማቸውን የማላውቅ ቡና ለቃሚዎች ናቸው። አንዲት ሴት ጭቃው ላይ እየተንሸራተተች ከጎኔ ስትሮጥ በነጠላዋ ፊቴን ከፀሐይ ትከልልልኝ ነበር። «ሂንሶዳቲን፣ አትፍራ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፤ ግን እፈራ ነበር።

ጅማ ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ መሠረትና ጋሽ ከድር በር ላይ ነበሩ። የድንገተኛው ኮሪደር ሰው ሞልቶታል። ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልቻልኩ ጋሽ ከድር ኮታቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ጭንቅላቴን እግራቸው ላይ አሳረፉት። ብዙ ጠበቅን። ከጎናችን የታመመ ወንድሙን የያዘ የአጋሮ ሰው ከፌስታል ሙዝ እያወጣ ሳይጠይቀን ያድለናል። መሠረት ጫማዬን አውልቃ የእግሬን መዳፍ ታሻለች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ «ይሰማሃል?» አለችኝ። አልተሰማኝም። «ትንሽ» አልኳት።

ዶክተር ሐና የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ሐኪም መጣች። እኔ በዚህ በሽታ ብዙ ሰው አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በፊት የማመሰግነው እሷን ነው። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታች፣ እግሬን በመርፌ ጫፍ ከታች ወደ ላይ እየነካካች የሚሰማኝ የት ላይ እንደሚጀምር ፈለገች። የቀድሞ ወረቀቶቼን አየች። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ማርቆስ፣ ሥራ የማትሠራበት ቀን የቱ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«አንድ ቅዳሜህን ንገረኝ። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ምንም ሳትዘል።»

የገረመኝ ጥያቄ ነበር። ኮሪደሩ በሕመምተኛ ተጨናንቆ ስለ ቅዳሜዬ? ግን ነገርኳት። ሚኒባሱን፣ ዳገቱን፣ ቡናውን፣ ሁሉንም።

«ከሩጫ ስትመለስስ?»

«ጋሽ ከድርን እጠብቃለሁ።»

«የት ሆነህ?»

«ዳር ላይ ቁጭ ብዬ።»

ጋሽ ከድር ይህን ጊዜ ከበስተኋላ አላስቻላቸውም። «ወላሂ፣ ዳር ነው የሚለው? እንደ ጉማሬ ነው የሚነከረው! እኔ ዋኝቼ ወጥቼ፣ ልብሴን ለብሼ፣ ሰግጄ እንኳ ከዚያ ጭቃ አይነሳም።»

ዶክተር ሐና እስክሪብቶዋን ያዘች። «ቄጠማ አለው? ቀንድ አውጣስ?»

ጋሽ ከድር ዞረው አዩኝ። ከዚያ እኔ «በጣቴ እየፈናጠርኩ እጫወትበታለሁ» አልኳት።

በቀስታ አስረዳችን። ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። ዳር ዳሩን፣ ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ፣ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ካለ፣ ከውስጡ በዓይን የማይታይ ትል እየወጣ በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። ማሳከኩ እሱ ነበር። ትኩሳቱና ሳሉም እሱ ነበር። በአብዛኛው ሰው ላይ ትሉ የሚጥለው እንቁላል አንጀትና ጉበት አካባቢ ይቀራል። አልፎ አልፎ ግን እንቁላሉ የአከርካሪ ነርቭ ዘንድ ይደርሳል፤ ሰውነት ሲቆጣ ያ ቦታ ያብጣል፣ እብጠቱም ነርቩን ያንቀዋል። መዋኘት አለመዋኘት አይደለም ቁም ነገሩ፤ ዳር ላይ መነከር ነው።

«እኔ ያልኩት ግን…» ብዬ ጀመርኩ። ለዚያ የክሊኒኩ ሽማግሌ የመለስኩት መልስ ትዝ ብሎኝ ነበር።

«የተጠየቅኸውን ነው የመለስከው» አለችኝ። «አሁን የአከርካሪ ፎቶና የሰገራ ምርመራ እናድርግ።»

«ድኜ እሄዳለሁ?» አልኳት። መሠረት እጄን ጨበጠችው።

«ቃል አልገባልህም። ነርቩ ታንቆ ይሆናል እንጂ ሞቷል ብዬ አላስብም። በጊዜ የደረስን ይመስለኛል።»

ይህን ወሬ ለማጣፈጥ ብዬ ድነህ ትሄዳለህ አለችኝ ማለት እችል ነበር። አላለችኝም። እውነቱን ነገረችኝ፤ ያ ነው እንዳምናት ያደረገኝ። ምርመራው እንዳለችው ሆኖ ተገኘ። ትሉን የሚገድለውን ክኒንና እብጠቱን የሚያስታግሰውን መድኃኒት ጀመርኩ፤ ለሽንቴ ቱቦ ገባልኝ። ጋሽ ከድርንም መርምረዋቸው ነበር፤ ትሉ እሳቸውም ዘንድ ተገኘ! ከጀልባ ሲገቡ ደህና ናቸው፣ ሲወጡ ግን ያንኑ ቄጠማ ነው የሚያቋርጡት። እሳቸው ግን ምንም ሳያማቸው ክኒናቸውን ውጠው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ትንሽ ቀናሁባቸው።

አልጋ ላይ የሚያስቸግረው ጊዜ ሊነጋ ሲል ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ሰዓት ቀስቅሼ ፀጉራቸው ሲሠራ እየተነጫነጩ ነው ቁርስ የምናበላቸው። ያ ሁሉ ትዝ ይለኝና ብርድ ልብሱን ገልጬ እግሬን አያለሁ። ያው የኔ እግር ነው፤ ጠባሳውን እንኳ አውቀዋለሁ። ተንቀሳቀስ እለዋለሁ፣ አይሰማኝም። አለቀስኩ። የሚያየኝ ሰው ሲኖር ግን እቀልዳለሁ።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እየመጡ ይጸልዩልኝ ነበር፤ ዝማሬያቸው ለሌሎቹም ሕመምተኞች ደስ ይል ነበር። አንዱ ወንድም «መድኃኒቱን ትተህ እመን» ሲለኝ መሠረት ሳትቆጣ «ለሐኪሟ አእምሮ የሰጠውም እሱ ነው» አለችው። በዚያች ክፍል ጥግ ጋሽ ከድር መዳፋቸውን ዘርግተው የራሳቸውን ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሲጨርሱ ፊታቸውን አብሰው «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» ይሉኛል፣ እግዜር ይማርህ ማለት ነው።

የመሠረትን ነገር ግን እንዲህ በአንድ መስመር ማለፍ ግፍ ነው። ሱቋን ዘግታ፣ ልጆቹን ሰው ዘንድ አድርጋ፣ ቱቦና የሽንት ዕቃ ተሸክማ የምትሮጠው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ሾርባው ቀዝቅዟል ብዬ ገፋሁባት። ማንኪያውን አስቀመጠችና «ማርቆስ፣ እኔም ሰው ነኝ። እግርህ ነው የታመመው፣ አፍህ ደህና ነው» ብላ ወጣች። ሰው ሁሉ ሰማ። ተመልሳ ስትመጣ ሾርባው ሞቆ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። ይቅርታ ስላት «ብላ አሁን» ብቻ አለችኝ።

ውድድሩ እኔ አልጋ ላይ ሳለሁ ደረሰ። ጋሽ ከድር ሌላ ሯጭ እንዲይዙ ነገርኳቸው፤ እንደ እሳቸው ያለ ዋናተኛ የሚፈልግ ስንት ወጣት አለ። በውድድሩ ማግስት ሊጠይቁኝ ሲመጡ ገና ከመግባታቸው ጠየቅኋቸው።

«እንዴት ሆነ?»

«ዋኘሁ። ከወጣቶቹ ብዙ አልራቅሁም፣ አልሐምዱሊላህ። መውጫውንም ከቄጠማው ራቅ አድርገውልኛል።»

«ከዚያስ?»

«ወጥቼ ቆምኩ።»

«የማንን እጅ ነኩ ታዲያ?»

«የማንንም። ጠበቅሁህ።»

«ጋሽ ከድር፣ ሆስፒታል መሆኔን ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ እንጂ። አዘጋጆቹም መጥተው አባባ ይቀመጡ አሉኝ። ስማችን ለሁለት ነው የተጻፈው አልኳቸው። የመጨረሻው ሯጭ እስኪመለስ እዚያው ቆምኩ፤ ከዚያ ልብሴን ለብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።» ጢማቸውን ዳሰሱ። «አልጨረሱም ብለው ጻፉብን። ልክ ናቸው፤ ገና አልጨረስንም።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እንባዬን እንዳያዩ ነበር፤ አይተዋል መሰለኝ፣ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ላይ መሠረት የእግሬን ጥፍር ስትቆርጥ ድንገት እጇን ሰበሰበች። «ማርቆስ፣ አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ የነካሁት?» አለች። እንደገና ሞከርኩ። የግራ እግሬ አውራ ጣት እንደ ማፈር እያለች ተነሳች። መሠረት ጮኸች፤ ነርሶቹ የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ዶክተር ሐና ስትመጣ ጣቴን አሳየኋት። ብዙ አላወራችም፤ ግን ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከሆስፒታል በተሽከርካሪ ወንበር ወጣሁ። ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ጡንቻን ዳግም የማስለመድ ሕክምና፣ ሁለት አግዳሚ ብረቶችን ይዞ በመሃላቸው መራመድን ይጠይቃል። በየቀኑ ሆስፒታል መመላለስ እንደሚያስቸግረን ጋሽ ከድር ሲሰሙ መጥተው በተኛሁበት ከዳሌዬ እስከ መሬት በሜትር ለኩኝ። «የሬሳ ሳጥን ሊሠሩልኝ ነው?» አልኳቸው። «ዝም በል፣ ለሳጥን ቁመት ነው የሚለካው» አሉኝ። ሁለት ቀጥ ያሉ ረጃጅም እንጨቶች ልገው፣ እጄን እንዳይወጋኝ በብርጭቆ ወረቀት ደጋግመው አሽተው፣ ግቢያችን ውስጥ በቋሚ ላይ ተከሉልኝ። ከሥራ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። እኔ በመሃል ላይ ተንጠልጥዬ ያልበኛል፤ እሳቸው ጫፉ ላይ ቆመው «ጃባዹ! በርታ!» ይሉኛል። ስወድቅ አይደነግጡም፤ እጃቸውንም ቶሎ አይሰጡኝም። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንጨቶቹ ላይ ይንጠለጠሉና «አባዬ፣ ተራህ ነው» ይሉኛል።

ቱቦው ወጣ። እንጨቶቹን ትቼ ክራንች ያዝኩ፤ ክራንቹን ትቼ በትር ያዝኩ፤ በትሩንም አንድ ቀን ጎረቤት ረስቼው መጣሁ። ግራ እግሬ አሁንም ስደክም ትንሽ ይጎተታል፤ ይጎተት። ወደ ማሽኖቼ ተመለስኩ። የሊሙ ገነቶቹ ሲያዩኝ ሥራቸውን ጥለው አቀፉኝ፤ ያቺን ባለ ነጠላ ሴት ብፈልጋት ግን ወደ ሌላ አካባቢ ሄዳለች ተባልኩ። ይህን ካነበበች አመሰግናታለሁ።

ዓመቱ ሲዞር ጋሽ ከድር በር ላይ ቆመው ተጣሩ። «ስማችንን ጽፌዋለሁ» አሉ፤ በዚህ አለቀ። ዶክተር ሐና ቀስ ብለህ ሩጥ፣ ሲደክምህ ተራመድ፣ ውሃ ዳር ግን ብትነከር እኔ ነኝ የምጣላህ አለችኝ። ጋሽ ከድር ደግሞ አዘጋጆቹ ዘንድ ሄደው ወሬውን ሁሉ አስረድተው ኖሯል። በውድድሩ ቀን ዋናተኞች የሚገቡት ከጀልባ ላይ ነበር፤ የሚወጡትም ከቄጠማው በላይ አልፎ ጥልቁ ድረስ በተዘረጋ የጣውላ መወጣጫ ነው። ጣውላዎቹን ሳይ ማን እንደላጋቸው አወቅሁ፤ ጫፍ ጫፋቸው ለስልሷል።

በጣውላው ጫፍ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ወጣቶቹ ወጡ፣ ጓደኞቻቸውን ነክተው አለፉ። ከዚያ ያ ነጭ ጢም ከሩቅ ታየኝ፤ እንደ ወትሮው ድምፅ የለውም። ባለፈው ዓመት እዚህ ብቻቸውን ቆመው እንደነበር አሰብኩ። መወጣጫውን ይዘው ወጡ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ መጥተው እጄን ያዙት። መንካት ብቻ ነበር የሚበቃው፤ እሳቸው ግን ጨበጡኝ።

«ሂድ በል፣ ብዙ ቆሜ ጠብቄሃለሁ» አሉኝ።

ሮጥኩ። በበቆሎው መሃል ሮጥኩ፣ ዳገቱ ሲጀምር ተራመድኩ፣ ቡናው ጥላ ሥር ስገባ እንደገና ሮጥኩ። ሁሉም ቀድሞኛል። ከላይ ሆኜ ሐይቁን አየሁት፤ አሁንም ያምራል፣ አልጠላሁትም። ስወርድ ግራ እግሬ መጎተት ጀመረ። ባቴ ነደደ፤ የድሮው ንዳድ ነው፣ ናፍቆኝ ነበር። መጨረሻው ላይ አዘጋጆቹ ድንኳናቸውን እየነቀሉ ነበር። መሠረትና ልጆቼ ይጮሃሉ፤ አዘጋጆቹ የመግቢያውን ገመድ ለእኔ ብለው እንደገና ወጥረውታል። የመጨረሻ ሆኜ ገባሁ፤ «ጨርሰዋል» ተብሎ ተጻፈልን።

ጋሽ ከድር ከገመዱ ወዲያ አንድ የራሳቸው በርጩማ አስቀምጠው፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳህን አኑረው ቆመዋል። በእጃቸው ከቦሳ ኪቶ ድረስ በሚኒባስ ጭነው ያመጡት ቢጫ ጀሪካን አለ። አስቀመጡኝ፣ ጫማዬን ራሳቸው ፈቱልኝ፣ ውሃውን ሳህኑ ውስጥ ገለበጡት።

«በል እግርህን ንከር» አሉኝ። «የቧንቧ ነው።»

ሁለቱንም እግሬን አስገባሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ድረስ ተሰማኝ።